ዕዳው ስንዴ ነው

[የመግቢያ ዜማ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል]

ሮቤ ከተማና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ከዲክሲስ እስከ ሱዴ፣ ከአሰላ እስከ በቆጂ በማሳም በጓዳም ሆናችሁ የምትከታተሉን፣ ሳምንታዊው የቤተሰብ ዝግጅታችን ለእናንተ ነው። ሮቤ ስል የአርሲዋን ሮቤ ማለቴ ነው። የባሌ ሮቤ ሰዎችም ድምፃችን ከደረሳችሁ ሬዲዮውን አትዝጉብን፤ ስንዴያችሁም ዕዳችሁም ከእኛ ብዙ አይርቅም።

ነገሩ ቀላል ነው ለማለት «ዕዳው ገብስ ነው» እንላለን። አባባሉ ዕዳን በእህል ይቆጥር ከነበረ ሰው አፍ የወጣ ይመስላል። ጎተራው ሙሉ የሆነ ገበሬ የተበደረው ገብስ ከሆነ ሰፍሮ ይመልሳል፤ እንቅልፍ አያጣም። ዛሬ በደጋው ያለው ዕዳ ግን የሚቆጠረው በብር ነው። የማዳበሪያው በብር፣ የምርጥ ዘሩ በብር፣ የማይክሮ ፋይናንሱ በብር፣ ከነጋዴ እጅ የተወሰደውም በብር። ገቢያችን ግን ዛሬም እህል ነው። እህሉ ብር እስኪሆን ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው የብዙ ቤተሰብ ሀብት ተንጠባጥቦ የሚቀረው።

ለዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጥያቄ አንድ ነው። ዕዳ ያለበት ቤተሰብ ወጪውን መቀነስ ያለበት መቼ ነው? ልብ በሉ፣ ከምን ላይ ይቀንስ አላልኩም። ስንት ይቀንስም አላልኩም። መቼ?

[ለአፍታ ዝምታ]

«ቆጥቡ» የሚለውን ምክር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቤቱ ሲራቆት ነው። ሐምሌ ገብቶ ጭቃው ሲበዛ፣ ጎተራውን ሲጠርጉት አቧራ ብቻ ሲወጣ፣ ያኔ ዘይቱ ይቀነስ፣ ስኳሩ ይቅር፣ ከአቦል ከቶናና ከበረካ በረካዋ ትቅር እንባላለን። ምክሩን የሚሰጡን ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ ሒሳቡ ነው የማያስኬደው። በክረምት ጓዳ ውስጥ የሚቀነስ ነገር የለም፤ የሚቀነሰው ሁሉ አስቀድሞ ተቀንሷል። ከልጅ ምሳ ላይ የተነሳች አንዲት እንጀራ የማዳበሪያ ዕዳ አትከፍልም፤ ትርፏ ልጁ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቱ ነው። የክረምቱ እጦት ነው፤ እጦትን ቁጠባ ብለን ስም ብናወጣለት ዕዳው አንዲት ሳንቲም አይጎድልም።

ዕዳን የሚከፍል ቁጠባ በዓመት ውስጥ የሚገኘው በአንድ ሰሞን ብቻ ነው። እሱም እህል በሚገባበት፣ ከኅዳር ማብቂያ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ቤቱ ሀብታም በሚመስልበት ሰሞን ነው። እደግመዋለሁ፦ ወጪ የሚቀነሰው እህል ሲገባ ነው፤ ሲያልቅ አይደለም። ይህን ዝግጅት በጥቅምት ያመጣንላችሁም ለዚሁ ነው። ስንዴው ገና ማሳ ላይ ነው፤ ለመነጋገር ጊዜ አለ።

[ዋሽንት፣ አጭር]

እስቲ ኮምባይነሩ የሚገባበትን ቀን አብረን እንየው። ደላላው ማሽኑን ይዞ ከማሳ ማሳ እየዞረ ነው። ተራ ደርሶ ማሽኑ ሲገባ፣ ከሰኔ ጀምሮ ሲታረም ሲጠበቅ የኖረው ስንዴ ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጆንያ ገብቶ ይደረደራል። ልጆች በወስፌና በሲባጎ የጆንያ አፍ ይሰፋሉ። ከማሳው ጠርዝ አይሱዙ ቆሟል፤ ሚዛኑም ወርዷል። የኮምባይነሩ ሰው ሒሳቡን በኩንታል ቆጥሮ ይጠይቃል። ጫኞቹ ይጠይቃሉ። ደላላው «የኔስ?» ይላል። ከጥቂት ቀን በኋላ የማዳበሪያውን ብድር የሚሰበስቡት ይመጣሉ። በአራጣ ያበደረው ሰው ደግሞ ቀድሞ ደርሷል፤ «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» ብሎ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ማታ በግ ይታረዳል፤ ጩኮው በቅቤ ርሶ ይቀርባል፤ ጎረቤቱ ይጠራል። በማግስቱ የቆርቆሮ ነጋዴውና የሞባይል ነጋዴው የሰውን ስም ሳይቀር ያውቁታል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከእነዚያ ጆንያዎች ስንቱ ቤት ገባ? ስንቱስ በአይሱዙ ሄደ? ይህን ጥያቄ ማንም አባወራ፣ ማንም እማወራ ለራሱ ይመልስ።

በአይሱዙ የሄደው የሄደው በዓመቱ ዝቅተኛ በሆነው ዋጋ ነው። ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። ሁሉም ገበሬ በአንድ ሰሞን ያጭዳል፤ ሁሉም ዕዳ በአንድ ሰሞን ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይሸጣል። ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ ዋጋውን ለመስበር መከራከር እንኳ አያስፈልገውም። ሰኔና ሐምሌ ላይ ያው ስንዴ ዋጋው ወጥቶ ይገኛል፤ በታኅሣሥ የሸጠው ቤተሰብም ያኔ ዱቄት ገዢ ሆኖ ገበያ ይወጣል። የራሱን እህል ከሰው እጅ፣ ጨምሮ ይገዛል ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው፣ የየገበያችሁን እናንተ አስገቡበት። አንድ ቤተሰብ 20 ሺህ ብር ዕዳ አለበት እንበል። በታኅሣሥ ኩንታሉ 4 ሺህ ብር ከሆነ ዕዳው 5 ኩንታል ነው። በሰኔ ኩንታሉ 5 ሺህ ብር ቢገባ ያው ዕዳ 4 ኩንታል ይሆናል። ብሩ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚሸጥበት ወር ነው። አንድ ኩንታል ስንዴ፣ ምንም ሳይዘራ፣ ምንም ሳይታጨድ ቤት ውስጥ ቀረ።

አራጣን ደግሞ በዚሁ ሚዛን ስፈሩት። አንድ ሰው በሰኔ ጨንቆት 10 ሺህ ብር ከመቶ 10 በወር ተበደረ። በዚያ ወር ዋጋ የወሰደው 2 ኩንታል ነው። በታኅሣሥ፣ ከ6 ወር በኋላ፣ 16 ሺህ ብር ይከፍላል። በታኅሣሥ ዋጋ 16 ሺህ ብር ስንት ኩንታል ነው? አራት። ሁለት ኩንታል ተበድሮ አራት መለሰ። በብር ሲነገረው «ከመቶ አስር» ትንሽ ይመስል ነበር፤ በጆንያ ሲቆጠር ግን እጥፍ ነው።

ለዚህ ነው ዕዳችሁን በኩንታል ቁጠሩት የምለው። ዕዳው ገብስ ነው እንዳሉት አባቶች፣ እኛም ዕዳችንን ወደ ስንዴ እንመልሰው። በኩንታል የተቆጠረ ዕዳ ከጎተራው ጋር ፊት ለፊት ይተያያል።

[ዋሽንት፣ አጭር]

ይህ ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ ከአገራችን ታሪክ አንድ ዓመት ላስታውሳችሁ። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት ከልክ በላይ ጥሩ ሆነ። ጥሩ ዓመት ነበር፤ ገበሬው የተጎዳውም በዓመቱ ጥሩነት ነው። ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ወስዶ ያመረተው እህል ገበያውን አጥለቀለቀው፤ በተለይ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ዋጋው ወርዶ ወርዶ የወጣበትን ወጪ መመለስ አቃተው። ብድሩ ግን ከመኸሩ ጋር የሚጠየቅ ነበርና ብዙዎች ከብቶቻቸውን ሸጠው ከፈሉ። በሚቀጥለው ወቅት ማዳበሪያ የሚወስደው ሰው ቀነሰ፤ በላዩ ዝናቡ ጠፋ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ለድርቁ ገበሬው አይወቀስም። ግን እህሉን ለጥቂት ወራት እንኳ የማቆየት አቅም የነበረው ቤት በሬውን ከመሸጥ ይድን ነበር።

ብድርና ገበያ የተያያዙ መሆናቸው በእኛው አገር በአርሲም ድሮ የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ በስዊድን መንግሥት እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሽማግሌዎቻችን «ካዱ» የሚሉት፣ ማዳበሪያና ዘር በብድር በመስጠት ብቻ አላቆመም፤ እህል የሚገዛበት የንግድ ጣቢያም ከፍቶ ነበር። ብድርን ያለ ገበያ ለገበሬ መስጠት ግማሽ ሥራ መሆኑን ተረድተውት ነበር ማለት ነው። ካዱ ጥፋት አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ትራክተሩ ሲመጣ ባለርስቶች ጭሰኛውን ከመሬቱ ማስወጣት መጀመራቸው የሚታወቅ ነው። የብድርን ነገር በተመለከተ ግን ትምህርቱ ዛሬም ይሠራል።

ከገበያው ሌላ የስንዴው በሽታ፣ ዋግም አለ። በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. መካከል ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ በአርሲና በባሌ እንዴት እንዳደረገው ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ «ድገሉ»ን መታ። ዋግ ስንዴውን ይበላል፤ የማዳበሪያውን ዕዳ ግን አይበላም። መኸሩ ያማረበት ዓመት ላይ ሁሉን ጨርሶ የበላ ቤተሰብ፣ በዋጉ ዓመት የሚይዘው የለውም።

[ለአፍታ ዝምታ]

እሺ፣ በመኸር ወጪ ይቀነስ ካልን ከምን ላይ ነው የሚቀነሰው? እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። በመኸር የሚወጣው ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው በድግስ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው። ተዝካር አለ። ከዝያራ ተመላሽን መቀበል አለ። ማኅበር አለ። በሬ ይታረዳል። አንድ በሬ 60 ሺህ ብር ያወጣል ብንል፣ ቅድም በያዝነው በታኅሣሥ ዋጋ 15 ኩንታል ስንዴ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ አማካይ የስንዴ ምርት በሔክታር ወደ 30 ኩንታል ግድም ነው። ያ በሬ የግማሽ ሔክታር የዓመት ልፋት ነው ማለት ነው፤ በሁለት ቀን ተበላ። አሁን እስቲ በረካዋን ቡና ቀንሰን 15 ኩንታል ለማጠራቀም ስንት ዓመት እንደሚፈጅብን አስቡት። እንግዲህ ለዓመታት ባለቤታችንን ስንጨቀጭቃት የኖርነው በቡናዋ ነበር!

ይህን ቀልድ ብዬ ላልፈው አልፈልግም፤ ከጀርባው ቁም ነገር አለ። የቤት ወጪ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደ ጓዳ ነው። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ከሰል፤ ይህ በሴቷ እጅ ነው፤ ጥቃቅን ነው፤ ዓመቱን ሙሉም ተቆጥቦ ያለቀ ነው። ትልቁ ወጪ፣ ማለትም ድግሱ፣ ጫቱ፣ አረቄው፣ ለሞተር ሳይክል የሚሰጠው ቀብድ፣ ለዘመድ የሚሰጠው ዋስትና፣ በአብዛኛው የሚወሰነው በወንዱ ነው። እህሉም ከማሳ ጠርዝ ሲሸጥ ሚዛኑ ዘንድ የሚቆመው እሱ ነው። ስለዚህ «ቤተሰቡ ወጪ ይቀንስ» ብለን ለእናቶች ብቻ ብንመክር፣ መክፈቻ የሌለውን ሰው በር ክፈት እንደማለት ነው። በአርሲ ኦሮሞ ባህል እናት ለምትዳረው ልጇ ሲንቄ ትሰጣታለች፤ ቀጭን በትር ናት፣ ግን የሴቲቱን ክብርና መብት የምታስከብር በትር። የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ባንክ ሲሆን ስሙን ሲንቄ ያለው ከዚህችው በትር ወስዶ ነው። በትሯ የባንክ ስም መሆኗ መልካም ነው፤ በሽያጩ ቀን ሚዛኑ አጠገብም ብትታይ ይበልጥ ይጠቅማል።

የማይቀነሰውንም ልንገራችሁ። የልጆች ምግብ አይቀነስም። ዘር አይበላም። የዕድር መዋጮ አይቀርም፤ ዕድር ያቋረጠ ሰው ሐዘን ሲመጣበት መበደሩ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮም አይቀርም። መድህኑ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ4 ክልሎች 13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋ ነው፤ ከእነዚያ ክልሎች አንዱ ኦሮሚያ ነበር። ድንገተኛ ሕመም ቤተሰብን አራጣ አበዳሪ ደጅ የሚጥል ዋና መንገድ ነውና፣ ይህን ወጪ መቀነስ ነገ አዲስ ዕዳ መግዛት ነው።

[ዜማ፣ አጭር]

ድግሱን ቀንሰን ያተረፍነው ጆንያ ወዴት ይሂድ? መጀመሪያ ወደ አራጣው። ቅድም እህል ይቆይ ብዬ አሁን በታኅሣሥ ሽጡ ማለቴ እርስ በርሱ የሚጋጭ መስሏችሁ ይሆናል። አይጋጭም። በምሳሌያችን እህሉን 6 ወር ማቆየት ከመቶ 25 ጨመረልን፤ አራጣው ግን በዚያው 6 ወር ከመቶ 60 ወሰደ። አራጣ ባለበት ቤት እህል ማቆየት የሚያተርፈው አበዳሪውን ነው። ከአራጣው እኩል የሚያስፈራው ወለድ አገድ ነው፤ ገንዘቡ እስኪመለስ መሬቱን አበዳሪው የሚያርስበት። መሬቱ በሰው እጅ ሳለ ዕዳው የሚከፈልበት ምንጭ ራሱ ተይዟልና፣ ሌላው ሁሉ ቆሞ እሱ ይፈታ።

ሕጉንም እወቁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በገንዘብ ብድር ውል ላይ በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። በዓመት ነው፤ በወር አይደለም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ደግሞ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ እምነት ወይም በሚደረግ መሐላ ነው። አራጣም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ጽሑፍ ከሌለ ግን ተበዳሪውም ከፍያለሁ ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ስትከፍሉ ደረሰኝ ወይም ፊርማ ያዙ።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩና የማይክሮ ፋይናንሱ ዕዳ ከዚያ ይከተላል። ወለዱ በዓመት የሚቆጠር ስለሆነ አያጣድፍም፤ ቀኑ ግን አይታለፍም። የቡድን ዋስትና ባለበት ብድር አንዱ ሲያቅተው የሚጠየቁት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ከወለዱ ይልቅ ጉርብትናውን የሚበላው ይህ ነው። ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ ሽጡ፤ የቀረው ይቆይ። እናስታውስ፦ እህሉን ለማቆየት ጉልበት የሚሰጠን ያልተደገሰው ድግስ ነው።

[ለአፍታ ዝምታ]

አሁን ተቃውሞዎችን እንስማ። የመጀመሪያው ከባድ ነው። «ዕዳ ያመጣብን የእኛ ድግስ ነው ወይስ የማዳበሪያው ዋጋ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲሆን ምክንያቱ የዓለም ገበያ ነበር፤ ሮቤ ላይ የታረደ በግ ዩሪያን አላስወደደም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ማዳበሪያ ደግሞ የሚገዛው በዶላር ነው። ይህን በቁጠባ ማስተካከል አይቻልም፤ ጥያቄው ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ወደ ዩኒየኑ፣ ወደ መንግሥት መቅረብ ያለበት ነው። ነገር ግን ማዳበሪያው በተወደደ ቁጥር አንድ ጆንያ ይበልጥ ውድ ይሆናል እንጂ አይረክስም። ዋጋውን ያመጣብን ሌላ ነው ብለን ጆንያውን ብንለቀው የሚጎዳው ያው ገበሬው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ብልህ ነው። «የኑሮ ውድነቱ ብርን እያቀለለው ነው፤ ዕዳዬ ቢዘገይ ይቀልልኛል» የሚል። በማይክሮ ፋይናንስ ብድር ላይ ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው በታኅሣሥ ተጣድፋችሁ ሁሉን አትሽጡ ያልኩት። ግን ብር ሲቀል የሚጠቀመው እህል ወይም ከብት በእጁ የያዘ ሰው ነው። እህሉን ደግሶበት ዕዳውን ያዘገየ ሰው፣ ዕዳውም አለ፣ እህሉም የለ። በአራጣ ላይማ ይህ ክርክር ከነጭራሹ አይነሳም።

ሦስተኛው፦ «እህሉን ባቆየው ነቀዝ ይበላዋል።» ደጋው ብርዳማ መሆኑ ይረዳናል፤ ቢሆንም ነቀዝ አለ። በደንብ የደረቀ ስንዴ፣ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ የሚል፣ ፒክስ በሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ሲከተት አየር ስለማያገኝ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ መርዝ አያስፈልግም። ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች አየራቸው እየተጨመቀ ለየብቻ መታሰር አለባቸው። አንድ ላይ ያሰረ ሰው ከረጢቱን በከንቱ ነው የገዛው። እርጥብ እህል የከተተም እንዲሁ፤ ሲከፍተው ሻጋታ ያገኛል።

አራተኛው ተቃውሞ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልብ የሚነካው እሱ ነውና። «ሳልደግስ ብዳር፣ ተዝካር ሳላወጣ ብቀር ሰው ምን ይለኛል?» ይህን እንደ ከንቱ ክብር ቆጥሮ መናቅ ስህተት ነው። ድግስ ለገጠር ሰው ዋስትናም ነው። ዛሬ በእኔ ድግስ የበላ ነገ በደቦ ይመጣል፣ በሬ ሲሞትብኝ ያውሰኛል። ለብቻው ድግስ ያቆመ ቤተሰብ ሊገለል ይችላል፤ መፍራቱ ትክክል ነው። ስለዚህ መልሱ ለብቻ ማቆም አይደለም፤ አብሮ መቀነስ ነው። በደቡብ ጎንደር ፎገራ አካባቢ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ሠርጉን ያለ ድግስ ይፈጽማል፤ ሐዘኑንም ያሳጥራል። አውራምባ በብዙ ነገሩ ከሌላው ኅብረተሰብ የተለየ ነው፤ እንደ እነሱ ሁኑ ማለቴ አይደለም። ያሳዩን አንድ ነገር ግን አለ፦ ሁሉም የተስማማበት ቁጠባ ማንንም አያዋርድም። ለሮቤ ሰው ደግሞ መስማሚያው ቦታ ከደጁ አለ፤ ዕድሩ ነው። ዕድሩ በኅዳር ስብሰባው «ዘንድሮ ሠርግ በበግ ነው፣ በበሬ አይደለም» ብሎ ቢወስን፣ በበግ የደገሰው ሰው ስስታም ሳይሆን ደንብ አክባሪ ይባላል። ካህናቱም ሼሆቹም ለሟች የሚጠቅመው ጸሎቱ፣ ዱዓውና ምጽዋቱ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል ቢናገሩ ከእኛ ሬዲዮ ይልቅ ይሰማሉ።

ከተማ ያላችሁ ደመወዝተኞች «እኛስ?» ትሉ ይሆናል። የእናንተ መኸር በየወሩ ማብቂያ የሚገባው ነው፤ የደመወዝ ቀን ማታ የምታደርጉትን ብቻ አስተውሉ። ስለ እናንተ ሌላ ሳምንት በሰፊው እንመለሳለን።

[የመውጫ ዜማ በሩቁ ይጀምራል]

እስከሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ አለ። ማታ ከእራት በኋላ ባልና ሚስት፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ካሉ እነሱም፣ አንድ ላይ ተቀመጡ። ያለባችሁን ዕዳ እያንዳንዱን ጥሩ፤ የተረሳ የዘመድ ብድር እንዳይቀር። ብሩን ወደ ኩንታል ለውጡት። ከዚያ ከሰል አንሡና በጎተራው በር ላይ መስመር አስምሩ፦ ይህ ያህል ጆንያ እስከ መስከረም የምንበላው፣ ይህ ያህል ለዘር፣ ይህ ያህል ለዕዳ፣ ይህ ያህል ሰኔን የሚጠብቅ። ድግሱ ከተረፈው ነው። መስመሩ ኮምባይነሩ ከመግባቱ በፊት መሰመር አለበት፤ ከገባ በኋላ ከሰሉን የሚያነሳው ደላላው ነው።

ስትጨርሱ አንዲት ጥያቄ ተጠያየቁና መልሱን በደብዳቤ ወይም በስልክ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችንን የምንከፍተው በእሷ ነው። በእናንተ ቤት የጎተራው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

[ዜማው ከፍ ብሎ ይዘጋል]